እምቢ ባዩ በርናርድ ኸርማን፦ ሳይኮን ያስጮኸው ሰው

የ«ኪል ቢል»ን የመጀመሪያ ክፍል ያያችሁ ይቺን ትዕይንት አትረሷትም። አንድ ዓይኗን የሸፈነች ሴት እያፏጨች በሆስፒታል ኮሪደር ትሄዳለች። ፉጨቱ ለጆሮ ደስ ይላል፣ ልጅ የሚያባብሉበት ዜማ ይመስላል። ሴትየዋ ግን የምትሄደው ራሷን ስታ የተኛችን ሴት ለመግደል ነው። ፊልሙን ያላየ ሰው እንኳን ፉጨቱን ወይ በስልክ ጥሪ ወይ በአጫጭር ቪዲዮዎች ላይ ሳይሰማው አይቀርም።

ብዙ ሰው ዜማው ለዚያ ፊልም የተሰራ ይመስለዋል። አይደለም። ኳንቲን ታራንቲኖ በ2003 ሲጠቀምበት፣ ዜማው 35 ዓመት ሆኖት ነበር። በ1968 «ትዊስትድ ነርቭ» ለተባለ የእንግሊዝ ፊልም ነው የተሰራው። የሰራው ሰው ደግሞ በርናርድ ኸርማን ይባላል። «ኪል ቢል» ሲወጣ እሱ ከሞተ 28 ዓመት ሊሞላው ነበር።

ስሙን ላታውቁት ትችላላችሁ፤ ድምፁን ግን ታውቁታላችሁ። ዛሬ የምንነግራችሁ የዚህን ሰው ታሪክ ነው። ዓመተ ምህረቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ኸርማን የተወለደው በ1911 ኒውዮርክ ከተማ ነው። ቤተሰቡ ከሩሲያ የፈለሰ የአይሁድ ቤተሰብ ነበር። አባቱ ኦፔራ ቤት ይዞት ይሄዳል፣ ቫዮሊን እንዲማርም ይገፋፋዋል። ልጁ ገና በ13 ዓመቱ በሙዚቃ ድርሰት ተወዳድሮ ሽልማት አገኘ። ከዚያ በኋላ የህይወቱ መንገድ ለየለት። 20 ዓመት ሲሞላው የራሱን ትንሽ ኦርኬስትራ አቋቋመ። በ1934 ደግሞ ሲቢኤስ ሬዲዮ ገብቶ ተቀጠረ።

ይህ የሬዲዮ ስራ ለኋላ ህይወቱ መሰረት ነው። ያኔ ቴሌቪዥን በየቤቱ አልገባም፤ ሰው ማታ ማታ ድራማ የሚከታተለው በሬዲዮ ነው። በሬዲዮ ደግሞ ምስል የለም። ሌሊቱን፣ ጭጋጉን፣ የሰውየውን ፍርሃት በጥቂት ሰከንድ ድምፅ ማሳየት ግድ ነው። ኸርማን ሙያውን የተማረው እዚያ ነው። ከኦርሰን ዌልስ ጋር የተዋወቀውም እዚያው ነው። በ1938 ማርሶች መሬትን ወረሩ ብሎ አድማጭ ያስደነገጠው ዝነኛው የሬዲዮ ድራማ ሲተላለፍ፣ ኦርኬስትራውን ይመራ የነበረው ኸርማን ነበር።

ዌልስ ወደ ሆሊውድ ሲሄድ ኸርማንን ይዞት ሄደ። የመጀመሪያ ፊልማቸው በ1941 የወጣው «ሲቲዝን ኬን» ነው። እስከዛሬ ከምርጥ ፊልሞች ዝርዝር ውስጥ የማይጠፋው ማለት ነው። እዚያ ውስጥ ባልና ሚስት ቁርስ የሚበሉበት ክፍል አለ። በሁለት ደቂቃ ገደማ የዓመታት ትዳር ሲፈርስ ታያላችሁ። መጀመሪያ በፍቅር ይተያያሉ፣ በመጨረሻ ጠረጴዛው ጫፍና ጫፍ ሆነው አይነጋገሩም። ሙዚቃው የሚጀምረው በደስተኛ ዋልትዝ ነው፤ ከዚያ ያው ዜማ እየተሰባበረ፣ እየቀዘቀዘ ይሄዳል። አንድም ቃል ባትሰሙ ትዳሩ እንዳበቃ ይገባችኋል።

በዚያው ዓመት ሌላ ፊልም ሰርቶ ኦስካር ወሰደ። የሚገርመው፣ ካሸነፋቸው ስራዎች አንዱ የራሱ «ሲቲዝን ኬን» ነበር። ገና 30 ዓመቱ ነው። ከዚያ በኋላ እስኪሞት ድረስ ሌላ ኦስካር አላገኘም።

ለምን? አንዱ ምክንያት ጸባዩ ነው ቢባል ስህተት አይሆንም። ኸርማን ቁጡ ነበር። ይጮሃል፣ ይሳደባል፣ ያኮርፋል። የዌልስን ሁለተኛ ፊልም «ዘ ማግኒፊሰንት አምበርሰንስ»ን ስቱዲዮው ሲቆራርጠው፣ የሱንም ሙዚቃ አብሮ ቆረጠው። ኸርማን በቃ ስሜን ከፊልሙ ላይ አውጡልኝ አለ። አወጡለት። ስም ለማስገባት ሰው በሚጋፋበት ሰፈር እሱ ስሙን አስወጣ።

በስራም እንደዚያው ነው። በሆሊውድ አብዛኛው የሙዚቃ ደራሲ ዜማውን ይጽፍና የትኛው መሳሪያ ምን ይጫወት የሚለውን ለሌላ ባለሙያ ይተወዋል። ኸርማን ይህን አይቀበልም። እያንዳንዷን መሳሪያ ራሱ ይመርጣል። ረጅምና የሚዘፈን ዜማም አይወድም፤ ሁለት ሦስት ድምፅ ይይዝና እየደጋገመ ያስጨንቃችኋል። ለእያንዳንዱ ፊልም ደግሞ የተለየ ኦርኬስትራ ያዋቅራል። በ1951 ከሌላ ፕላኔት ስለመጣ እንግዳ ለሚተርክ ፊልም ሁለት ቴርሚን ተጠቀመ። ቴርሚን እጅ ሳይነካው፣ አየር ላይ በእጅ እንቅስቃሴ ብቻ የሚጫወቱት የኤሌክትሪክ መሳሪያ ነው። ዛሬ የዩፎ ነገር ሲነሳ በጆሯችን የሚመጣው ያ የሚንቀጠቀጥ ድምፅ ብዙ ዕዳ ያለበት ለዚህ ፊልም ነው።

በ1955 ከአልፍሬድ ሂችኮክ ጋር መስራት ጀመረ። ሂችኮክ በጭንቀት ፊልም ወደር የሌለው ዳይሬክተር፣ ኸርማን ደግሞ በጭንቀት ሙዚቃ። ተገጣጠሙ። «ቨርቲጎ»ን፣ «ኖርዝ ባይ ኖርዝዌስት»ን አከታትለው ሰሩ። በ1956ቱ «ዘ ማን ሁ ኒው ቱ ማች» ላይ ኸርማን ራሱ ፊልሙ ውስጥ ለንደን ላይ ኦርኬስትራ ሲመራ ይታያል። እዚያ ላይ የሚመራው ግን የሱን ድርሰት አይደለም። በቦታው የራሱን አዲስ ስራ እንዲያስገባ ዕድል ተሰጥቶት ነበር፤ ከዚያ በፊት የነበረው የሌላ ሰው ድርሰት ጥሩ ነው ብሎ እሱኑ አስቀረው። እንግዲህ እምቢታው ሁሉ ለራሱ ክብር ብቻ አልነበረም ማለት ነው።

ከዚያ «ሳይኮ» መጣ። 1960።

ሂችኮክ ይህን ፊልም በጥቁርና ነጭ፣ በአነስተኛ ገንዘብ ነበር የሰራው። ኸርማን በኋላ እንደተናገረው፣ ዳይሬክተሩ በስራው ደስተኛ ስላልነበር አሳጥሮ ለቴሌቪዥን ሊያደርገው ሁሉ አስቦ ነበር። ሴትየዋ ሻወር ውስጥ በቢላ የምትገደልበት ትዕይንት ላይ ደግሞ ሙዚቃ እንዳይገባ አዘዘ። ውሃው ሲፈስ፣ ቢላው ሲያርፍ፣ ጩኸቷ ሲሰማ ይበቃል አለ።

ኸርማን እሺ አላለም። ዝም ብሎ ጻፈው።

የተጠቀመው በባለ አውታር መሳሪያዎች ብቻ ነው። ቫዮሊን፣ ቪዮላ፣ ቼሎ፣ ኮንትራባስ፤ አለቀ። ከበሮ የለም፣ ትራምፔት የለም። ምስሉ ጥቁርና ነጭ ስለሆነ ድምፁም እንደዚያው ባለ አንድ ቀለም እንዲሆን ፈልጎ ነው። በፊልሙ በሙሉ ማለት ይቻላል፣ መሳሪያዎቹ ላይ ድምፅ የሚያፍን ትንሽ ነገር እንዲሰካ አድርጓል። ስለዚህ ድምፁ የታፈነ፣ ጉሮሮው የተያዘ ሰው ይመስላል። ሻወሩ ጋ ስትደርሱ ግን ማፈኛው ይነሳል። ቫዮሊኖቹ በጣም ቀጭን በሆነው ድምፃቸው እየተቆራረጡ ይጮሃሉ። ብዙ ሰው በኤሌክትሪክ የተሰራ ወይም የወፍ ጩኸት ይመስለዋል። ማሲንቆ በደጋን እንደሚመታው ሁሉ፣ ያም እንጨት፣ አውታርና ደጋን ነው። ሌላ ምንም የለበትም።

ሂችኮክ ትዕይንቱን ያለ ሙዚቃ አየው፤ ቀጥሎ ከነሙዚቃው አየው። ሃሳቡን ቀየረ። የኸርማንንም ክፍያ ወደ እጥፍ ገደማ አሳደገለት። ዛሬ ፊልሙን ያላየ ሰው እንኳን ቢላ የያዘ ሰው ለማስመሰል ሲፈልግ ያንን ድምፅ ነው በአፉ የሚያወጣው። ያ ድምፅ የመጣው ዳይሬክተሩ የከለከለውን በመስራት ነው። ይህን ያዙልኝ።

ከ6 ዓመት በኋላ፣ በ1966፣ ሁለቱ «ቶርን ከርተን» የሚል ፊልም ያዙ። ጊዜው ተለውጧል። ስቱዲዮው ወጣቱ የሚገዛው፣ በሸክላ የሚሸጥ ቀለል ያለ ሙዚቃ ይፈልጋል። ሂችኮክም ይህንኑ አስቀድሞ ነግሮታል። በተጨማሪ ሰውየው እርሻ ቤት ውስጥ የሚገደልበት ረጅም ትዕይንት ላይ ሙዚቃ እንዳይገባ አስጠንቅቋል።

ኸርማን ምን አደረገ? 12 ፍሉት፣ 16 ፍሬንች ሆርን፣ 9 ትሮምቦን ሰበሰበ። ቫዮሊን የሚባል አንድም የለም። ከባድ፣ ጨለማ፣ ማንም ሊደንስበት የማይችል ሙዚቃ ጻፈ። ለግድያው ትዕይንትም ጻፈ። የ«ሳይኮ»ው ነገር ይደገማል ብሎ ነበር መሰለኝ።

አልተደገመም። ሂችኮክ ቀረጻው ላይ መጥቶ መጀመሪያውን ሰማና ስራውን አስቆመው። ሙዚቃው ተጣለ፣ ኸርማን ተባረረ፣ በሌላ ሰው ተተካ። ሁለቱ ሰዎች ከዚያ በኋላ አብረው አልሰሩም።

እዚህ ላይ እውነቱን እንነጋገር። እንዲህ ያለ ታሪክ ሲወራ ሁሌም አርቲስቱ ልክ፣ አለቃው ጨቋኝ ይደረጋል። ግን ያ የእርሻ ቤት ግድያ ያለ ሙዚቃ ነው የወጣው፤ እስከዛሬ ከፊልሙ ውስጥ በጣም የሚነሳውም እሱ ነው። ትንፋሽና ግብግብ ብቻ ይሰማል፤ ሰው መግደል ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ያሳያል። ስለዚህ በ«ሳይኮ» ጊዜ ኸርማን ልክ ነበር፣ በዚህኛው ደግሞ ስለዚያ ትዕይንት ሂችኮክ ልክ ነበር። ሰውየው ግን ያው ነው፣ ጆሮውም ያው ነው፣ እምቢታውም ያው ነው። አንዴ ታሪክ ሰራበት፣ አንዴ ደግሞ እንጀራውን አጣበት።

ያ ዘመን በሌላም በኩል ከብዶት ነበር። ሁለተኛ ትዳሩም በ1964 ፈርሷል። በኋላ ሦስተኛ ሚስቱን አግብቶ ኑሮውን ለንደን አደረገ። ከ1943 እስከ 1951 የደከመበት አንድ ትልቅ ኦፔራ ነበረው፤ «ዉዘሪንግ ሃይትስ» ይባላል። ኦፔራ ቤቶች ይጠርና ይስተካከል ሲሉት እምቢ ስላለ መድረክ ሳያየው ቀረ። በ1966 በራሱ ገንዘብ አስቀረጸው። ለመድረክ የበቃው በ1982፣ እሱ ከሞተ ከ7 ዓመት በኋላ ነው።

ሆሊውድ ጊዜው አልፎበታል ሲል፣ ወጣቶቹ ግን ይፈልጉት ጀመር። ፈረንሳዊው ፍራንስዋ ትሩፎ ሁለት ፊልም አሰራው። ቀጥሎ ብራያን ዴ ፓልማ መጣ። በመጨረሻ ማርቲን ስኮርሴዚ የሚባል በ30ዎቹ መጀመሪያ ላይ ያለ ዳይሬክተር «ታክሲ ድራይቨር»ን ይዞ መጣ። ኸርማን እንደልማዱ መጀመሪያ እምቢ አለ። ስክሪፕቱን ሲያነብ ግን ዋናው ገጸ ባህሪ ቁርሱ ላይ ብራንዲ የሚያፈስበት ቦታ ላይ ደረሰና ወደደው፤ ስኮርሴዚ ሲያወራ እንዲህ ነው የሚለው።

ለዚህ ፊልም የሰራው ሙዚቃ ሁለት መልክ አለው። በአንድ በኩል ሌሊት ብቻውን የሚዞር ሰው የሚመስል የሳክስፎን ጃዝ፤ በሌላ በኩል ሊፈነዳ የደረሰ ነገር የሚመስል ከባድ ከበሮና ትንፋሽ መሳሪያ። ሮበርት ደ ኒሮ ታክሲውን ሲነዳ ሁለቱ ይፈራረቃሉ። ይህ ሰው ብቸኛ ነው ወይስ አደገኛ? ሙዚቃው ሁለቱም ነው ይላችኋል።

ኸርማን ያኔ ልቡ ታሞ ነበር። ቢሆንም ለቀረጻው ከለንደን ሎስ አንጀለስ ድረስ መጣ። ቀረጻው ታህሳስ 23 ቀን 1975 አለቀ። ማታ ሌላ ዳይሬክተር ቀጥሎ ሙዚቃ እንዲሰራለት የሚፈልገውን ፊልም ሲያሳየው አመሸ። ወደ ሆቴሉ ሄዶ ተኛ። አልነቃም። ሊነጋ ሲል፣ በፈረንጆቹ ገና ዋዜማ፣ በ64 ዓመቱ አረፈ።

«ታክሲ ድራይቨር» በቀጣዩ ዓመት ወጣና ካን ላይ ትልቁን ሽልማት ወሰደ። መጨረሻው ላይ ለኸርማን መታሰቢያነት ተበርክቷል። ለኦስካርም በአንድ ጊዜ በሁለት ፊልም ታጨ፤ ከሞተ በኋላ። አላሸነፈም። ለ«ሳይኮ» ሙዚቃማ ከነጭራሹ አልታጨም ነበር።

ድምፁ ግን አልተቀበረም። በ1998 ራፐሩ በስታ ራይምስ የ«ሳይኮ»ን መክፈቻ ወስዶ ዘፈነበት። በ2011 የሌዲ ጋጋ «ቦርን ዚስ ዌይ» ቪዲዮ በ«ቨርቲጎ» ሙዚቃ ተከፈተ። ታራንቲኖ ደግሞ ያንን ፉጨት ወሰደ።

ዛሬ ማታ አንድ ነገር ሞክሩ። የ«ሳይኮ»ን የሻወር ትዕይንት ስልካችሁ ላይ ክፈቱና መጀመሪያ ድምፁን ዘግታችሁ እዩት። ቀጥሎ ድምፁን ከፍታችሁ ድገሙት። ሂችኮክ በዚያ ቀን ለምን ሃሳቡን እንደቀየረ ያን ጊዜ ይገባችኋል።