ከክንፏ ሥር ሮኬት፣ ከክንፏ ሥር እህል

ክረምት ላይ ከጋምቤላ ከተማ ተነስታችሁ አኮቦ መሄድ ብትፈልጉ መኪና የሚባለውን ነገር እርሱት። አገሩ ለጥ ያለ ሜዳ ነው። ወንዞቹ ሲሞሉ ውሃው ሜዳው ላይ ይተኛል፣ መንገዱም አብሮ ይጠፋል። የሚቀረው ጀልባ ነው፣ ወይ ደግሞ ሰማይ።

ባለፈው ክረምት ባሮ ዳር ከጓደኞቼ ጋር ሻይ እየጠጣን አንዱ ስልኩ ላይ ቪዲዮ ከፈተ። ጡረታ የወጡ አሜሪካውያን በሳጥን ተበታትኖ የመጣላቸውን አውሮፕላን ቤታቸው ውስጥ ይገጣጥማሉ፤ ከዚያ ቅዳሜ ቅዳሜ እንደነሱ ከገጣጠሙ ሰዎች ጋር ተሰልፈው ይበራሉ። ጓደኛዬ ይሄ የጠገበ ሰው ጨዋታ ነው ብሎ ሳቀ። እኔም ኢኮኖሚክስ የተማርኩ ሰው አይደለሁ፣ የነዳጁን ዋጋ ለጭነቱ ኪሎ አካፍዬ በሆዴ ተስማማሁ። ቤት ከገባሁ በኋላ ግን አንድ ሰው ትዝ አለኝና ስሌቴ ተበላሸ። ሰውየው ስዊድናዊው ካውንት ካርል ጉስታፍ ቮን ሮዘን ነው። (ዓመቶቹን የምጽፈው በእኛ አቆጣጠር ነው።)

የተወለደው ነሐሴ 1901 ዓ.ም. ነው፣ ከባላባት ቤት። አባቱ ኤሪክ ቮን ሮዘን አገር አሳሽ የነበረና ለፊንላንድ አየር ኃይል የመጀመሪያዋን አውሮፕላን የሰጠ ሰው ነው። ሌላም የሚከብድ ዝምድና አለ። የናዚው ሹም ኸርማን ጎሪንግ የእናቱን እህት አግብቶ ነበር፣ ስለዚህ የአክስቱ ባል ነው። ይሄ ዝምድና በኋላ ዋጋ አስከፍሎታል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለእንግሊዝ አየር ኃይል ልብረር ብሎ ሲጠይቅ ሳይቀበሉት ቀሩ።

ልጁ ግን ከማዕረጉ ይልቅ ሞተር ነበር የሚወደው። አብራሪ ሆነ፣ በሰማይ ላይ ትርዒት እያሳየም ይተዳደር ነበር። ጣሊያን ኢትዮጵያን ሲወር ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ውስጥ ነበር፣ እንደኔ ማለት ነው። ለስዊድን ቀይ መስቀል የአምቡላንስ አውሮፕላን ሊያበር ወደዚህ መጣ።

እዚህ ጋ ትንሽ ልቁም። በዚያው ሰሞን፣ በ1928 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ አዲስ አበባ አጠገብ አቃቂ ላይ የንጉሡ አብራሪ የነበረው ጀርመናዊ ሉድቪግ ቬበር ከኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች ጋር አንዲት ትንሽ አውሮፕላን ሠርቶ ጨረሰ። በልዕልት ፀሐይ ስም ፀሐይ ተባለች። ጣሊያኖች ወስደዋት ሙዚየም አስቀመጧት፤ የተመለሰችው ጥር 2016 ዓ.ም. ነው፣ ዜናውን ሁላችሁም አይታችኋል። እና አውሮፕላን በእጅ መገጣጠም ለዚህ አገር አዲስ ወሬ አይደለም።

ቮን ሮዘን ያበራት የነበረችው ሃይንከል የቀይ መስቀል ምልክት ተቀብታለች። ምልክቱ ግን አላዳናትም። መጋቢት 1928 ዓ.ም. ኮረም ላይ መሬት ቆማ ሳለች የጣሊያን አውሮፕላኖች አወደሟት። እሱም በመርዝ ጋዙ ቆዳው ተቃጥሏል። ከዚያ በኋላ ያደረገውን ሁሉ ሳነብ ይቺ የኮረም አውሮፕላን ከጭንቅላቱ የወጣች አይመስለኝም። እርዳታ የሚያመላልስ ሰው ከላይ የሚጠብቀው ከሌለ ኢላማ ነው።

በ1932 ዓ.ም. ሶቪየት ፊንላንድን ስትወር የመንገደኛ አውሮፕላን ገዝቶ ወደ ቦምብ ጣይ አስቀየራትና ራሱ አበረራት። ከጦርነቱ በኋላ ደግሞ ተመልሶ ወደኛ መጣ። ቢሾፍቱ ላይ ለአሥር ዓመት ያህል የንጉሠ ነገሥቱን አየር ኃይል አደራጅቶ አሠለጠነ። ግንቦት 1939 ዓ.ም. ሳፊር የምትባል ባለ አንድ ሞተር ትንሽ አውሮፕላን ከስቶክሆልም አስነስቶ አንድም ቦታ ሳያርፍ አዲስ አበባ ገባ። ርቀቱ ከ6,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ ጊዜው ከ30 ሰዓት በላይ። እኔ ከጋምቤላ አዲስ አበባ በአውቶቡስ ስሄድ ወገቤን ይዤ ነው የምወርደው።

አሁን ወደ ዋናዋ አውሮፕላን።

ቢዮርን አንድሪያሰን የሚባል ሌላ ስዊድናዊ ነበር፣ የአውሮፕላን ንድፍ ባለሙያ። አሜሪካ ውስጥ ተቀጥሮ እየሠራ በትርፍ ጊዜው የራሱን ባለ ሁለት መቀመጫ አውሮፕላን ሠራ። ልክ በቪዲዮው እንዳየናቸው ሰዎች። መስከረም 1951 ዓ.ም. በረረች። ንድፏን ይዞ ወደ አገሩ ሲመለስ ማልሞ ያለ ፋብሪካ ኤምኤፍአይ-9 ብሎ ማምረት ጀመረ። ክንፏ ከጫፍ እስከ ጫፍ 7.4 ሜትር ገደማ ነው፣ ባዶዋን 340 ኪሎ ገደማ ትመዝናለች፣ ሞተሯ 100 የፈረስ ጉልበት ነው። ክብደቷ ጋምቤላ ገበያ ከሚሯሯጠው ባጃጅ ብዙ አይርቅም ማለት ነው።

በ1960 ዓ.ም. መጨረሻ ቮን ሮዘን ናይጄሪያ ውስጥ ተከባ ለምትራብ ቢያፍራ ምግብ ያመላልስ ነበር። ትልቅ የጭነት አውሮፕላን ይዞ የዛፍ ጫፍ እየነካካ ነው የሚገባው፣ ከናይጄሪያ አየር ኃይል ለማምለጥ። ግን እየተመቱ የሚወድቁት አውሮፕላኖች፣ የሚራቡትም ሕፃናት እየበዙ ሄዱ። በዚህ ጊዜ ያደረገው ነገር እስካሁን ያከራክራል። አምስት ኤምኤፍአይ-9 ገዛ። ጋቦን ላይ አረንጓዴ ቀለም ተቀቡ፣ ከየክንፋቸው ሥር ሮኬት ተገጠመላቸው። ግንቦት 14 ቀን 1961 ዓ.ም. አምስቱም አብረው ተነስተው፣ ከጫካው ጋር ተለጥፈው በረው የፖርት ሃርኮርትን አየር ማረፊያ መቱ። ሦስቱን ስዊድናውያን፣ ሁለቱን ቢያፍራውያን ነበሩ የሚያበሯቸው። ከዚያ ሌሎች አየር ማረፊያዎች ተከተሉ።

የእርዳታ ሠራተኛ ነው ተዋጊ? አንድ ሰው ምግብ የሚያመላልሰውን የሚመታ አውሮፕላን መሬት ላይ ቢያጠፋ ገብቶኛል፣ የኮረምን ታሪክ ስለማውቅ። ግን የአንድን አገር የእርስ በርስ ጦርነት ከውጭ መጥቶ በሮኬት መቀላቀል ሌላ ነገር ነው። ጋምቤላ ድንበር ላይ ናት። መሣሪያ ለበጎ ነው እየተባለ ሲገባ ማን እጅ እንደሚደርስ እዚህ ለሚኖር ሰው አይነገረውም። ሰውየውን እያደነቅኩ ይቺ ምዕራፍ ትጎረብጠኛለች። አሁንም አልተዋጠችልኝም።

የሚገርመው ከዚያ ያደረገው ነው። አንድሪያሰን ኤምኤፍአይ-15 የምትባል ጠንከር ያለች ታናሽ እህት ሠርቶላት ነበር። አገራችን በ1960ዎቹ አጋማሽ በረሃብ ስትመታ ቮን ሮዘን እነዚህን ይዞ መጣ። ያው ትንሽ አውሮፕላን፣ ያው ዝቅ ብሎ መብረር። ከክንፉ ሥር የተንጠለጠለው ግን ሮኬት ሳይሆን እህል ነው። መኪና የማይደርስባቸው፣ ትልቅ አውሮፕላንም የማያርፍባቸው መንደሮች ላይ ዝቅ ብለው ጥለው ይሄዱ ነበር።

እኔ ሻይ ቤት የሠራሁት ስሌት የተበላሸው እዚህ ጋ ነው። ትንሿን አውሮፕላን ከአይሱዙ ጋር ነበር ያወዳደርኳት። አይሱዙ በኪሎ ርካሽ ነው፣ ማንም ያውቃል። ግን ክረምት ላይ አኮቦ አይሱዙ የለም። መንገድ በሌለበት የሚወዳደረው ውድ እህልና ርካሽ እህል አይደለም፣ የደረሰና ያልደረሰ እህል ነው። ትልቅ አውሮፕላን ደግሞ ሜዳ ይፈልጋል፣ ሜዳው ላይ የወረደውን ከዚያ ወደ መንደር የሚያደርስ ሌላ ነገር ይፈልጋል። የክፍል አስተማሪዬ ይሄንን ቢጠይቀኝ ኖሮ በጥቁር ሰሌዳ አስረዳው ነበር፣ ለራሴ ግን ካውንቱ ነው ያስረዳኝ።

በ1969 ዓ.ም. ቮን ሮዘን አሁንም ኢትዮጵያ ውስጥ ነበር፣ በኦጋዴን እርዳታ ላይ። ጎዴ ነው ያለው። በዚያው ዓመት መጋቢት ላይ እዚያችው ጎዴ ውስጥ ዶን ማክሉር የሚባል አሜሪካዊ ሚሲዮናዊ በታጣቂዎች ተገድሎ ነበር። የጋምቤላ ሰዎች ማክሉርን ታውቁታላችሁ። ከከተማው በስተምዕራብ ባሮ ዳር ፖክዎ ላይ ከአኙዋክ ጋር ዓመታት የኖረው ነው። ከኛ ሜዳ ተነስቶ ሌላኛው ዳር አገር ሄዶ ሞተ።

ወሬው ለካውንቱ አልደረሰም ማለት አይቻልም። ግን አልሄደም። ሐምሌ 6 ቀን 1969 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር ጎዴን ሲያጠቃ ተገደለ። 68ኛ ልደቱ አንድ ወር ገደማ ቀርቶት ነበር።

ለጓደኛዬ ይሄን ታሪክ ነግሬው ቪዲዮውን ድጋሚ ከፈትነው። አሁን የሚያየው ጡረተኞቹን አይደለም። ክንፉ ሥር ስንት ኪሎ ይሰቀላል ብሎ ጠየቀኝ።