አባ አብርሃም፤ ለእግዚአብሔር ቀንን ስለ መለየት

ልጆች ሆይ፤ የተከበረ እንግዳ ወደ ቤታችሁ በመጣ ጊዜ እናታችሁ ምን እንደምታደርግ ታውቃላችሁ። ሌላው በልቶ የተረፈውን ከመሶቡ ላይ ሰብስባ አታቀርብለትም። አስቀድማ እጁን ታስታጥበዋለች፤ አዲሱን እንጀራ ታቀርብለታለች፤ ወጡንም ከማንም በፊት ለእርሱ ታወጣለታለች። የቤቱ ሰዎች የሚበሉት ከዚያ በኋላ ነው። እንግዳን እንዲህ የምናከብር ስንሆን፥ ለእግዚአብሔር ግን ብዙ ጊዜ ከቀናችን የተረፈውን ትርፍራፊ እንሰጠዋለን።

እኛ በምንኖርበት በአስኮ ሰው ሁሉ በማለዳ ይነሣል። ወደ አምቦ የሚወስደው መንገድ ገና በደንብ ሳይነጋ በሰውና በመኪና ይሞላል። ነጋዴው ወደ ገበያ፥ ሠራተኛው ወደ ሥራው፥ ተማሪውም ወደ ትምህርት ቤቱ ይቸኵላል። ጠዋት ጸሎት አድርሰህ ወጣህ ወይ ተብሎ የተጠየቀ ብዙ ሰው፥ ጊዜ አጣሁ ብሎ ይመልሳል። ማታ ሲጠየቅም፥ ደክሞኝ ተኛሁ ይላል። እንግዲህ ጊዜ ለእግዚአብሔር እንዴት እንደሚለይ ከአንድ ኢትዮጵያዊ ሰው ሕይወት እንማር። ስማቸው አባ አብርሃም ነው፤ በውጭ አገር ሰዎች ዘንድ ግን አቡ ሩሚ በሚባል ስም ይታወቃሉ። መጽሐፍ ቅዱስን በአማርኛ የምናነብ ሁላችን የእኚህ ሰው ባለ ዕዳዎች ነን። በዚህ ታሪክ የምናነሣው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

አባ አብርሃም የተወለዱት በ1750 ገደማ በኢትዮጵያ ነው። ያን ጊዜ የነገሥታቱ መናገሻ ጎንደር ነበረች። መጽሐፍ ቅዱስ በአገራችን ከጥንት ጀምሮ ነበረ፤ ነገር ግን የተጻፈው በግዕዝ ቋንቋ ነው። ካህናቱና ደብተሮቹ ግዕዝን ተምረው ያነቡት ነበር፤ መምህራኑም ትርጓሜውን በአማርኛ ለደቀ መዛሙርታቸው ያስተምሩ ነበር። ግዕዝ ያልተማረው ገበሬ፥ እረኛውና ሸማኔው፥ ባልቴቲቱም ግን በቤተ ክርስቲያን ቆመው ንባቡን ሲሰሙ ዜማውን እንጂ ምሥጢሩን ለይተው አያውቁትም ነበር። በቤታቸው ተቀምጠው በሚናገሩበት ቋንቋ የሚያነቡት ሙሉ መጽሐፍ ቅዱስ አልነበረም።

አብርሃም ከልጅነታቸው ጀምሮ ዕውቀትን የሚሹ ሰው ነበሩ። የሃያ ሁለት ዓመት ጐልማሳ በሆኑ ጊዜ፥ የዓባይን ምንጭ ሊፈልግ ወደ ጎንደር ለመጣው ጀምስ ብሩስ ለተባለ የስኮትላንድ ሰው አስተርጓሚ ሆነው እንዳገለገሉ ይነገራል። ከጥቂት ዓመታትም በኋላ ከአገራቸው ወጡ። ወደ ካይሮ ወረዱ፤ ከካይሮም ወደ ኢየሩሳሌም ሄዱ፤ ከዚያም ሶርያን፥ አርመንንና ፋርስን ዐልፈው እስከ ህንድ አገር ደረሱ። በዚያ ዘመን ባቡርም መኪናም እንዳልነበረ አስቡ። መንገደኛ በእግሩ፥ በበቅሎ፥ በግመልና በሸራ መርከብ ይጓዝ ነበር። ከአስኮ እስከ ሆለታ በእግሩ የሄደ ሰው መንገድ ምን እንደሚያደክም ያውቃል፤ የአብርሃም መንገድ ግን የወራትና የዓመታት መንገድ ነበረ።

በህንድ አገር ዊልያም ጆንስ የሚባል የእንግሊዝ ዳኛ በካልካታ ከተማ ይኖር ነበር። ይህ ዳኛ ብዙ ቋንቋ የሚያውቅ፥ ስሙም በሊቃውንት ዘንድ የታወቀ ሰው ነው። አብርሃምን በክብር ተቀብሎ ስለ ጎንደር ከተማና ስለ ዓባይ ምንጭ ጠየቃቸው፤ የነገሩትንም ጽፎ አሳተመው። ስለዚህ ታላቁ ሊቅ ተቀምጦ ከአንድ ኢትዮጵያዊ መንገደኛ ተማረ።

ነገር ግን ዕውቀት ቢበዛ፥ የታየው አገርም ቢበዛ ሰውን ከሕመም አያድነውም። አባ አብርሃም እንደ ገና ወደ ግብፅ በመጡ ጊዜ ዕድሜያቸው ከሃምሳ ዐልፎ ነበር። በካይሮም ከተማ ታመሙ። ከአገሩ የራቀ ሰው ሲታመም እንዴት እንደሚጨነቅ ልጆች አስቡት፤ ውሃ የሚያቀብል እናት የለችው፥ ደጃፉ ላይ የሚቀመጥ ዘመድ የለው። በዚያ ጊዜ አሰሊን ደ ሼርቪል የሚባል የፈረንሳይ ቆንስል ሹም አገኛቸው፤ ረዳቸውም፤ እሳቸውም ከሕመማቸው ዳኑ።

ይህ ሹም የምሥራቅን ቋንቋዎች አጥብቆ የሚወድ ሰው ነበረ። በዚያ በደከመ እንግዳ ልብ ውስጥ የተቀመጠውን ዕውቀት ባየ ጊዜ በከንቱ እንዲጠፋ አልወደደም። መጽሐፍ ቅዱስን ሁሉ ወደ አማርኛ ይመልሱ ዘንድ ለመናቸው። አባ አብርሃምም እሺ ብለው ጀመሩ።

አሁን ልብ አድርጋችሁ ስሙ። የቆንስል ሹም ቤት ጸጥታ የሞላበት ቤት አይደለም። ነጋዴው አቤቱታ ይዞ ይመጣል፤ መንገደኛው የይለፍ ወረቀት ይፈልጋል፤ መልእክተኛው ደብዳቤ ያመጣል፤ ወዳጅም ሊጠይቅ ይመጣል። ሁለቱ ሰዎች ጊዜ በተረፈን ጊዜ እንሠራለን ብለው ቢሆን ኖሮ፥ ጊዜው አይተርፍም፥ ሥራውም አይፈጸምም ነበር። ስለዚህ ከሳምንቱ ቀኖች መካከል ማክሰኞንና ቅዳሜን ለዩ። በእነዚህ በሁለቱ ቀኖች የሹሙ በር ለጠያቂ ሁሉ ተዘግቶ ይውል ነበር። በሌሎቹ ቀኖች ሹሙ የመንግሥቱን ሥራ ይሠራል፤ ማክሰኞና ቅዳሜ ግን ለመጽሐፉ የተለዩ ነበሩ።

በሩ ከተዘጋ በኋላ ሁለቱ አብረው ይቀመጡና ከዐረብኛው መጽሐፍ አንዱን ቍጥር ቀስ ብለው በማስተዋል ያነባሉ። ቃሉ የከበደ እንደ ሆነ ሹሙ ዕብራይስጡን፥ ሱርስቱን፥ ሰባው ሊቃናትም የተረጐሙትን ጽርእ እያመሳከረ ያስረዳል። የነገሩ ምሥጢር ከተገለጠ በኋላ አባ አብርሃም በአማርኛ ይጽፉታል። ከዚያም ወደሚቀጥለው ቍጥር ያልፋሉ። ቶሎ እንጨርስ ብለው አልሮጡም፤ ከበደን ብለውም አልተዉም። ልባቸው ያልተረዳውን ነገር እጃቸው አልጻፈም።

ይህ ሥራ ዐሥር ዓመት ያህል ፈጀ። በተፈጸመም ጊዜ በአባ አብርሃም እጅ የተጻፈው መጽሐፍ 9,539 ገጽ ሆነ። ልጆች ሆይ፤ ይህን በሒሳብ እንየው። ዐሥር ዓመት 520 ሳምንት ያህል ነው። በየሳምንቱ ሁለት ቀን ቢሆን 1,040 ቀን ይሆናል። 9,539 ገጽ ለ1,040 ቀን ቢካፈል፥ ለአንዱ ቀን የሚደርሰው ዘጠኝ ገጽ ያህል ነው። ዘጠኝ ገጽ የመጻፍ ሥራ ለብቻው ሲታይ ትልቅ ተራራ አይደለም፤ ሳይቋረጥ ዐሥር ዓመት በተደመረ ጊዜ ግን ለአንድ ሕዝብ ሁሉ የሚበቃ መጽሐፍ ሆነ። ቀስ በቀስ ዕንቍላል በእግሩ ይሄዳል ብለው አባቶቻችን የተናገሩት ስለ እንዲህ ያለው ነገር ነው።

በዐሥር ዓመት ውስጥ ደስ የማያሰኝ ማክሰኞ አልነበረም ይሆን? የካይሮ ሙቀት የሚያደክምበት፥ ዐይን የሚፈዝበት፥ አገርና ዘመድ የሚናፈቅበት ቅዳሜስ አልነበረም ይሆን? አባ አብርሃም እንደ እኛ ሥጋ የለበሱ ሰው ነበሩ። ነገር ግን ቀኑ ከተለየ በኋላ ዛሬ ደስ ይለኛል ወይ ብሎ መጠየቅ አያስፈልግም። ማክሰኞ ከሆነ ማክሰኞ ነው፤ መጽሐፉ ይገለጣል፥ ብርዑም ይነሣል። ጸሎትና ንባብ ደስ ባለን ቀን ብቻ የምናደርገው ከሆነ፥ የምናገለግለው እግዚአብሔርን ሳይሆን የገዛ ደስታችንን ነው።

ሥራው ካለቀ በኋላ አባ አብርሃም ወደ ኢየሩሳሌም ሄደው ነበር። ወደ ካይሮም በተመለሱ ጊዜ ቸነፈር በከተማው ገብቶ ነበርና፥ በዚያ በሽታ በ1819 ገደማ ዐረፉ። ከዚያ ሁሉ ገጽ አንዲቱ ቅጠል እንኳ በማተሚያ ታትማ አላዩም። ገበሬው በቤቱ ሲያነበው፥ ልጅም በእርሱ ፊደል ሲቈጥር አልሰሙም። ያዩት የገዛ እጃቸውን ጽሕፈት ብቻ ነው። ይህን ስናስብ ልባችን ያዝናል፤ ነገር ግን ቸነፈሩ የመጣው ሥራው ከተፈጸመ በኋላ መሆኑን እናስተውል። ማክሰኞንና ቅዳሜን ለነገ እያሉ አሳልፈው ቢሆን ኖሮ፥ ሞት ሥራቸውን በእኩሌታ ባገኘው ነበር።

በ1820 ዊልያም ጆዌት የሚባል የእንግሊዝ ሚሲዮን መምህር ወደ ግብፅ መጣ። ስለዚህም መጽሐፍ በሰማ ጊዜ ለእንግሊዝ የመጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር በ1,250 ፓውንድ ገዛው። ያ ገንዘብ በዚያ ዘመን እጅግ ብዙ ገንዘብ ነበረ። መጽሐፉም ወደ እንግሊዝ አገር ተወሰደ። ሊቃውንት ተመልክተው ካስተካከሉት በኋላ አራቱ ወንጌላት በ1824፥ ሐዲስ ኪዳን በ1829፥ መላው መጽሐፍ ቅዱስም በ1840 ታተመ።

ከዚህ በኋላ የታተመው መጽሐፍ ባሕር ተሻግሮ ወደ ኢትዮጵያ መጣ። በ1830 ወደ አገራችን የገባው ሳሙኤል ጎባት የአማርኛውን ወንጌል ለሰው አደለ፤ ከእርሱም በኋላ ወደ ሸዋ የመጣው ክራፕፍ እንዲሁ አደረገ። ያ አባ አብርሃም በተዘጋ በር ውስጥ የጻፉት ቃል በክፍት መንገድ ከሰው ወደ ሰው ሄደ። አዲስ አበባ በ1886 ስትቈረቈር አባ አብርሃም ከሞቱ 67 ዓመት ሆኖ ነበር። ስለዚህ እኛ የምንኖርባት ከተማ ሳትኖር፥ በከተማይቱ የሚኖሩ ልጆች የሚያነቡት መጽሐፍ ተዘጋጅቶ ነበር ማለት ነው።

ይሁን እንጂ የአባ አብርሃም ትርጓሜ እንከን የሌለው አልነበረም። ስሕተት ተገኝቶበት ነበር፤ ክራፕፍና ሌሎችም ከኢትዮጵያውያን ረዳቶች ጋር ሆነው አረሙት። በኋላም በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ከዕብራይስጡና ከጽርኡ አዲስ ትርጓሜ ተሠርቶ በ1962 ወጣ። ነገር ግን አስቀድሞ የተጻፈ ባይኖር የሚታረም ነገር ባልተገኘ ነበር። እናንተም ጸሎቴ ያማረ አይደለም፥ ንባቤም ይሰናከላል ብላችሁ አትተዉ። ዛሬ የሚሰናከለውን ንባብ ነገ እግዚአብሔር ያቀናዋል፤ ያልተጀመረው ግን የሚቀናበት መንገድ የለውም።

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ ምን እንውሰድ? አንደኛ፥ ለእግዚአብሔር የታወቀ ጊዜ ለዩ። ለሕፃን ልጅ የጠዋት ጥቂት ጊዜ ይበቃዋል። ፊታችሁን ታጥባችሁ፥ ቍርስ ሳትቀምሱና ከጓደኛ ጋር መነጋገር ሳትጀምሩ፥ ጸልዩ፤ ከመጽሐፍም አንድ ቍጥር አንብቡ። ሁለተኛ፥ በራችሁን ዝጉ። ጌታችንም የሚጸልይ ሰው ወደ እልፍኙ ገብቶ በሩን እንዲዘጋ አስተምሮአል። ለብቻው እልፍኝ የሌለው ልጅ፥ ብዙ ሰው በሚያድርበት አንድ ክፍል የሚኖርም ቢሆን፥ ፊቱን ወደ ግድግዳ መልሶ የልቡን በር መዝጋት ይችላል። ሦስተኛ፥ የማታውቁትን ቃል ዝም ብላችሁ አትለፉ፤ አባታችሁን ወይም መምህራችሁን ጠይቁ። አባ አብርሃም በስተርጅና ሳሉ የከበደውን ቃል ለመጠየቅ አላፈሩም።

አራተኛም፥ ጸሎትን ለስንፍና መሸሸጊያ አታድርጉት። እናቱ ውሃ ቅዳልኝ ስትለው መጽሐፍ ገልጦ የሚቀመጥ ልጅ እግዚአብሔርን አላስቀደመም፤ ራሱን አስቀደመ እንጂ። የተለየውን ጊዜ ለእግዚአብሔር የሰጠ ልጅ፥ በቀረው ጊዜ ለእናቱ በደስታ ይታዘዛል፤ ትምህርቱንም በትጋት ያጠናል።

ልጆች ሆይ፤ ነገ ጠዋት በአስኮ መንገድ ላይ የመኪናው ድምፅ ሲጀምር፥ ቀኑ እናንተን ከመጥራቱ በፊት እናንተ እግዚአብሔርን ጥሩ። ከቀናችሁ የመጀመሪያውን ቍራሽ ለእርሱ አቅርቡ። የምታነቡት አንድ ቍጥር ጥቂት መስሎ ቢታያችሁ፥ በካይሮ በተዘጋ በር ውስጥ አንዱን ቍጥር ሲጽፉ የነበሩትን እኚያን ሰው አስቡ። የእሳቸውም ሥራ የተጀመረው በአንድ ቍጥር ነበረ።