ከፈላ ዘይት ወደ ክር፤ አምብሯዝ ፓሬና የቶንሲል ቀዶ ሕክምና

ልጅዎ በቶንሲል እየተመላለሰ ታሞ ሐኪም ቀዶ ሕክምና ሲያዝለት ሁለት ነገሮች እንቅልፍ ይነሱዎታል፤ የሚፈሰው ደምና የሚሰማው ሕመም። ከአምስት መቶ ዓመት ገደማ በፊትም አንድን ፈረንሳዊ ቀዶ ሐኪም እንቅልፍ የነሱት እነዚሁ ነበሩ።

አምብሯዝ ፓሬ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1510 ገደማ፣ በፈረንሳይ ላቫል ከተማ አጠገብ ነው። በዘመኑ የቀዶ ሕክምናን አብዛኛውን ሥራ የሚሠሩት ፀጉር አስተካካዮች ነበሩ። ፓሬም ሙያውን የቀሰመው ከእነሱ ዘንድ ሲሆን፣ በኋላ በፓሪስ ኦቴል ዲዩ ሆስፒታል ሠርቷል። የምሁራን ቋንቋ የነበረውን ላቲን ስላልተማረ መጻሕፍቱን የጻፈው በፈረንሳይኛ ነው።

ያን ጊዜ ባሩድ ቁስልን ይመርዛል ተብሎ ስለሚታመን፣ በጥይት የቆሰለ ሰው ቁስሉ ላይ የፈላ ዘይት ይፈስበት ነበር። ፓሬ እ.ኤ.አ. በ1537 ገደማ ከፈረንሳይ ጦር ጋር ወደ ቱሪን በዘመተ ጊዜ ዘይቱ አለቀበት። ለቀሩት ቁስለኞች የእንቁላል አስኳል፣ የጽጌረዳ ዘይትና ከዛፍ ሙጫ የሚገኘውን ተርፔንታይን ቀላቅሎ ቀባላቸው። ሌሊቱን ሙሉ ተመርዘው ይሞቱብኛል ብሎ ሲጨነቅ አደረ። ጎህ ሲቀድ ተነሥቶ ሲጎበኛቸው ግን ቅባቱን ያገኙት ሕመማቸው ቀሎ ተኝተው አድረዋል። ዘይት የፈሰሰባቸው ደግሞ ትኩሳት ይዟቸው፣ ቁስላቸውም አብጦ በሥቃይ ላይ ነበሩ።

ፓሬ ከዚያ በኋላ ልማድን በጭፍን አልተከተለም። እጅ ወይም እግር ሲቆረጥ ደምን ለማቆም በጋለ ብረት መተኮስ የተለመደ ነበር። እሱ ግን የደም ሥሩን በክር መቋጠርን መረጠ። ዘዴው ጥንታውያን ሐኪሞችም የሚያውቁት ቢሆንም፣ ለእጅና እግር ቆረጣ ተግባራዊ አድርጎ እ.ኤ.አ. በ1564 ባሳተመው መጽሐፍ አስተማረው። የፓሪስ የሕክምና ምሁራን ቢቃወሙትም፣ አራት የፈረንሳይ ነገሥታትን አገልግሎ እ.ኤ.አ. በ1590 ዐረፈ።

ይህ ለእርስዎ ምን ይጠቅምዎታል? የፓሬ ጥያቄ ዛሬም በቶንሲል ቀዶ ሕክምና ውስጥ አለ። አንዱ ዘዴ ቶንሲሉን ያለ ሙቀት በመሣሪያ ለይቶ ማውጣትና የሚደማውን ሥር በክር መቋጠር ነው። ሌላው በኤሌክትሪክ ሙቀት መቁረጥና ደሙን ማድረቅ ነው። ሙቀቱ በቀዶ ሕክምናው ሰዓት የሚፈሰውን ደም ይቀንሳል፤ ከዚያ በኋላ የሚኖረው ሕመም ግን ሊበረታ ይችላል። እ.ኤ.አ. ከ2003 እስከ 2004 በእንግሊዝና በሰሜን አየርላንድ ከ30 ሺህ በላይ ታካሚዎች ላይ የተደረገ ክትትልም፣ ሙቀት ከተጠቀሙት ዘዴዎች በኋላ ደም የመፍሰስ ዕድሉ ከፍ ያለ መሆኑን አሳይቷል። ይሁንና የሐኪሙ ልምድም ወሳኝ ነውና በየትኛው ዘዴ እንደሚሠራና ለምን እንደመረጠው ይጠይቁት።

ከቀዶ ሕክምናው በፊት በቤተሰብዎ ደም ቶሎ ያለመርጋት ችግር ካለ ለሐኪሙ ይንገሩ። ከዚያ በኋላ ማስታገሻውን በታዘዘው ሰዓት ይስጡ፤ ለልጅ አስፕሪን አይስጡ። ፈሳሽ ደጋግሞ እንዲጠጣ ያድርጉ። ደም በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ወይም ከ5 እስከ 10 ቀናት ባለው ጊዜ ሊፈስ ይችላል። ልጅዎ ቀይ ደም ከተፋ ወይም ተኝቶ እያለ ቶሎ ቶሎ የሚውጥ ከሆነ ሳይዘገዩ ወደ ሆስፒታል ይውሰዱት።

እንጥል ወይም ቶንሲል በምላጭ ማስቆረጥንም ፈጽሞ አያስቡት። በዚያ ደሙን የሚያቆም ክር፣ ሕመሙን የሚያስታግስ መድኃኒት፣ ንጹሕ መሣሪያም የለም። ፓሬ አንድን ልማድ የተወው ሕሙማኑን አይቶ ነው፤ እርስዎም ልማድን ሳይሆን የልጅዎን ደኅንነት ይመልከቱ።