አሌክሳንደር ፎን ሁምቦልትና የተራራው ሁለት ገጽ

ተማሪዎች ሆይ! ከቆላ ተነሥታችሁ ወደ ደጋ የወጣችሁ እንደሆነ፣ ዕፀዋት ከከፍታው ጋር ሲለዋወጡ ሳታዩ አልቀራችሁም። አባቶቻችን አገሩን ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋና ውርጭ እያሉ የከፈሉት ይህንኑ አስተውለው ነው። ይሁን እንጂ በእኩል ከፍታ ላይ ሳሉ፣ አንዱ በተራራው በዚህ ወገን፣ ሌላው በዚያ ወገን በመሆናቸው ብቻ ልምላሜያቸው የሚለያይ ቦታዎች አሉ። የዚህን ምክንያት በመለኪያ ለማወቅ ከደከሙት ሊቃውንት አንዱ አሌክሳንደር ፎን ሁምቦልት ነው።

ሁምቦልት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ሴፕቴምበር 14 ቀን 1769 በበርሊን ከተማ ተወለደ። አባቱ የሞተው እርሱ ገና የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለ ነበር። በወጣትነቱ በመንግሥት የማዕድን መሥሪያ ቤት አገለገለ፤ ልቡ ግን በሩቅ አገር ነበር። እናቱ በ1796 በሞተች ጊዜ የደረሰውን ብዙ ሀብት ለምቾት አላዋለውም፤ የመለኪያ መሣሪያ ገዛበት፤ ለጉዞም ስንቅ አደረገው። በ1799 ኤሜ ቦንፕላን ከተባለው ፈረንሳዊ የዕፀዋት ሊቅ ጋር ከእስፓኝ ተነሥቶ ወደ ደቡብ አሜሪካ ተሻገረ።

በ1800 ዛሬ ቬኔዙዌላ በምትባለው አገር የቫሌንሲያ ሐይቅ ውሃ እየጎደለ መሄዱን ተመለከተ። የዙሪያው ደን በመመንጠሩና ወንዞቹ ለእርሻ በመጠለፋቸው የመጣ ጉዳት መሆኑንም አስረዳ። ሰው በእጁ ሥራ የአንድን አገር የአየር ጠባይ ሊለውጥ እንደሚችል ቀደም ብለው ከተገነዘቡት ሰዎች የሚቆጠረው ስለዚህ ነው።

ጁን 23 ቀን 1802 ሁምቦልትና ጓደኞቹ በዛሬይቱ ኤኳዶር የሚገኘውን የቺምቦራዞን ተራራ ለመውጣት ተነሡ። ተራራው በዚያን ዘመን ከዓለም ተራሮች ሁሉ ከፍ ያለ ይመስላቸው ነበር። ትንፋሻቸው እያጠረ፣ ድዳቸው እየደማ፣ ከባሮሜትራቸው ሳይለዩ ሽቅብ ወጡ። በመጨረሻ ሰፊ ገደል መንገዳቸውን ዘጋባቸውና ከጫፉ ሳይደርሱ ተመለሱ። በእርሱ መለኪያ የደረሱበት ስፍራ ከ5,800 ሜትር በላይ ነበር።

ሁምቦልት በ1807 ያሳተመው ታላቅ ሥዕል ቺምቦራዞን ለሁለት የተሰነጠቀ አስመስሎ፣ በየከፍታው የሚበቅሉትን ዕፀዋት በስማቸው ያሳያል። ዕፀዋት የሚከተሉት ሙቀትንና ርጥበትን መሆኑን ከዚህ እንማራለን። ከፍታ ግን ብቻውን አይበቃም። ከአማዞን በኩል የሚነፍሰው ርጥብ ነፋስ ዝናሙን በቺምቦራዞ ምሥራቃዊ ገጽ ላይ ስለሚያራግፍ፣ ምዕራባዊው ገጽ ደረቅና አሸዋማ ሆኖ ይቀራል። በሂማላያም የዘላለም በረዶ ወሰን በደቡቡ ገጽ ዝቅ፣ በሰሜኑ ገጽ ከፍ ይላል። ሰሜኑ ከፀሐይ የራቀ ስለሆነ በረዶው ይበልጥ ወደ ታች ይወርዳል ብላችሁ ታስቡ ይሆናል። ሁምቦልት ወደ ሕንድ አገር ለመግባት ፈቃድ ቢከለከልም፣ የሌሎችን መንገደኞች መለኪያ አመሳክሮ ምክንያቱን ገለጸ፤ ደቡቡ ርጥብ ስለሆነ በረዶ ይበዛበታል፤ ሰሜኑ ደረቅ ነው፤ ሰፊው የቲቤት አምባም ያሞቀዋል።

ሁምቦልት ሀብቱን ሁሉ በጉዞና በመጻሕፍት ጨርሶ፣ ሜይ 6 ቀን 1859 በ89 ዓመቱ ሞተ። ሥዕሉ ግን አልሞተም። በ2012 ሊቃውንት ቺምቦራዞን ወጥተው ያዩትን ከሥዕሉ ጋር ሲያስተያዩ፣ ዓለም ስለሞቀች ዕፀዋቱ በአማካይ ከ500 ሜትር በላይ ሽቅብ እንደሸሹ አሰቡ። በ2019 ግን ሌሎች መርማሪዎች የሁምቦልትን ጽሑፎች መርምረው፣ በሥዕሉ ላይ ያሉት ብዙዎቹ የከፍተኛ ቦታ ዕፀዋት የተለቀሙት ከቺምቦራዞ ሳይሆን አንቲሳና ከተባለው ሌላ ተራራ መሆኑን አሳወቁ። በዚያው ተራራ ሲለካ ሽሽቱ ከ215 እስከ 266 ሜትር ሆኖ ተገኘ።

እንግዲህ ልብ በሉ! ዕፀዋት ወደ ላይ መሸሻቸው እውነት ነው፤ መጠኑ ግን በግማሽ ያህል ተቀነሰ፤ ስሕተቱም የመጣው የሁለት ተራሮች ነገር በአንድ ሥዕል ላይ በመቀላቀሉ ነው። ተራራ መጨረሻ አለውና ወደ ጫፉ የተጠጋ ተክል ከዚያ በላይ የሚሸሽበት መሬት የለውም። በደረቁ ገጽ ላይ ያለውም ሙቀት ቢጨመርለት ውሃ ካላገኘ አይለመልምም። ስለዚህ የዕፀዋትን ዕጣ አስቀድሞ ለማወቅ ትክክለኛ መዝገብ ያስፈልጋል። እናንተም የምታዩትን ስትጽፉ ቀኑን፣ ከፍታውን፣ የተራራውን ስምና ገጹን አትርሱ። ከእናንተ በኋላ የሚመጣው ትውልድ የሚመሰክረው ባያችሁት ብቻ ሳይሆን በጻፋችሁትም ነው።