ሉዊስ ፍራይ ሪቻርድሰንና የአየር ሁኔታ ትንበያ ሁለት ፈተናዎች

የአንድን አካባቢ የአየር ሁኔታ መተንበይ ሁለት ነገሮችን በአንድነት ይጠይቃል። ትንበያው ከእውነታው ጋር መስማማት ይኖርበታል፤ የሚተነበየው ሰዓት ከመድረሱ በፊትም መጠናቀቅ አለበት። የሁለቱን ፈተናዎች ክብደት በስሌት ካሳዩ ቀደምት ተመራማሪዎች አንዱ እንግሊዛዊው ሉዊስ ፍራይ ሪቻርድሰን ነው። ይህ አጭር ጽሑፍ ሕይወቱን ከዚህ አንጻር ይቃኛል።

ሪቻርድሰን እ.ኤ.አ. በ1881 በሰሜን እንግሊዝ በኒውካስል ከተማ ከክዌከር እምነት ተከታይ ቤተሰብ ተወለደ። በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ከተማረ በኋላ በ1913 በብሪታንያ የሚቲዎሮሎጂ መሥሪያ ቤት ተቀጥሮ በስኮትላንድ የሚገኘውን የኤስክዴልሚዩር ምልከታ ጣቢያ በኃላፊነት መራ። በዚያ ዘመን የትንበያ ባለሙያዎች የዕለቱን ካርታ ካለፉት ጊዜያት ተመሳሳይ ካርታዎች ጋር በማነጻጸር በልምድ ይተነብዩ ነበር። ሪቻርድሰን ግን ከባቢ አየር ያለፈውን እንዳለ ስለማይደግም ትንበያ ከፊዚክስ ሕግጋት ተነሥቶ በስሌት መገኘት አለበት የሚል አቋም ያዘ።

እምነቱ የጦር መሣሪያ ማንሳትን ስለሚከለክለው፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ከ1916 እስከ 1919 በፈረንሳይ ግንባር በአምቡላንስ ሾፌርነት ቁስለኞችን አመላለሰ። የሙከራ ስሌቱንም የሠራው በዚያው በዕረፍት ሰዓቱ ነበር። በ1917 ጽሑፉ በውጊያ መካከል ጠፍቶ ከወራት በኋላ ቤልጅየም ውስጥ ከከሰል ክምር ሥር ተገኘ።

ለሙከራው የመረጠው እ.ኤ.አ. ሜይ 20 ቀን 1910ን ነው፤ በዕለቱ በአውሮፓ በፊኛዎች የተወሰዱ የላይኛው አየር ልኬቶች ነበሩና። የስሌት ሠንጠረዦቹን ማዘጋጀትና የስድስት ሰዓት ለውጥን ለሁለት የአየር ዓምዶች ብቻ ማስላት ስድስት ሳምንት ያህል ወሰደበት። ውጤቱ በሙኒክ አቅራቢያ የአየር ግፊቱ በ145 ሄክቶፓስካል እንደሚጨምር አመለከተ፤ በእውነቱ ግን ግፊቱ ከሞላ ጎደል አልተለወጠም። ስሕተቱ የመነጨው ከመነሻ ልኬቶቹ ነው፤ የነፋስና የግፊት መረጃዎቹ እርስ በርስ አልተጣጣሙም። ኋላ የመጡ ተመራማሪዎች መነሻ መረጃውን አስተካክለው በራሱ ዘዴ ሲያሰሉት ከ1 ሄክቶፓስካል ያነሰ ለውጥ አግኝተዋል።

ሪቻርድሰን የከሸፈውን ውጤት አልደበቀም። በ1922 ባሳተመው መጽሐፍ ሙሉ ስሌቱን ከነስሕተቱ አቀረበ፤ የዓለምን አየር እየተከታተሉ ለማስላትም 64,000 ሰዎች እንደሚያስፈልጉ ገመተ። ከዚያ ቀደም ብሎ፣ በ1920፣ መሥሪያ ቤቱ በአየር ኃይል ሚኒስቴር ሥር ሲሆን ለሕሊናው ሲል ሥራውን ለቅቆ ነበር። በኋለኛው ዕድሜው የጦርነትን መንስኤዎች በሒሳብ ሲያጠና ኖሮ በ1953 አረፈ። ከመሞቱ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ በአሜሪካ በኤሌክትሮኒክ ኮምፒዩተር የተሠራው የመጀመሪያ የ24 ሰዓት ትንበያ 24 ሰዓት ያህል እንደፈጀ ለማወቅ በቅቷል።

ዛሬ የፍጥነቱ ችግር በአብዛኛው ተቃልሏል። የአካባቢ ትንበያ ትክክለኛነት ግን አሁንም በመነሻ ልኬቶች ጥራትና በስሌቱ መረብ ጥበት ይወሰናል። የሪቻርድሰን መረብ አንዱ ክፍል 200 ኪሎ ሜትር ያህል ስለነበር ሸለቆንና ኮረብታን ለይቶ ማየት አይችልም ነበር። ጣቢያዎች በተራራቁበት ስፍራ የሚሠራ ተመራማሪም ከኮምፒዩተሩ ፍጥነት አስቀድሞ የልኬቶቹን መጣጣም መመርመር ይኖርበታል። ይህን ለማወቅ የተቻለው ሪቻርድሰን የተሳሳተውን ቁጥር ሳይሸሽግ ለትችት ስላቀረበው ጭምር ነው።