ሸክም የሚለው ቃል፦ የሃንስ አስፐርገር ሕይወት

አስፐርገር የሚለውን ስም ብዙዎቻችን የምናውቀው ከኦቲዝም ጋር ተያይዞ ነው፤ የሰው ስም መሆኑን የሚያስታውስ ጥቂት ነው። ሃንስ አስፐርገር እ.ኤ.አ. በ1906 ቪየና፣ ኦስትሪያ ውስጥ ተወለደ። ሕክምና አጥንቶ በ1930ዎቹ በቪየና ዩኒቨርሲቲ የሕፃናት ክሊኒክ አስቸጋሪ የሚባሉ ልጆች የሚታዩበትን ክፍል መምራት ጀመረ።

እዚያ ያገኛቸው አንዳንድ ልጆች ከእኩዮቻቸው ጋር አይጫወቱም፣ ሲያወሩ የሰው ዓይን አያዩም። አነጋገራቸው ግን የትልቅ ሰው፣ ያውም የመምህር! አንድ ትንሽ ልጅ መሰላልና ደረጃ በምን እንደሚለያዩ ሲጠየቅ መሰላሉ ሹል ሆኖ፣ ደረጃው ደግሞ እንደ እባብ እየተጠማዘዘ እንደሚወጣ ተናገረ። ሌላው ሐኪም ስቆ ያልፈው ይሆናል። አስፐርገር ግን መዘገበው፤ ቃሉ ከማንም ያልተቀዳ፣ ልጁ ራሱ አይቶ የፈጠረው መሆኑ ገብቶታል። ሌላው ደግሞ አድጎ ዩኒቨርሲቲ በገባበት ዓመት በኒውተን ሥራ ላይ የሒሳብ ስሕተት እንዳገኘ ጽፏል። ለዚህ ሁሉ በ1944 ባሳተመው ጥናቱ ኦቲስቲክ ሳይኮፓቲ የሚል ስም ሰጠው። ኦቲዝም የሚለው ቃል እንኳ የእሱ አይደለም፤ የስዊዘርላንዱ ሐኪም ብሎይለር ቀደም ብሎ ራስ ከሚለው የግሪክ ቃል ያወጣው ነው።

ነገር ግን ዘመኑን እንዳንረሳ። ናዚ ጀርመን በ1938 ኦስትሪያን ጠቅልላለች። ቪየና ውስጥ ሽፒገልግሩንድ በሚባል ተቋም ከ1940 እስከ 1945 ወደ 800 የሚጠጉ ልጆች ሞቱ፤ ብዙዎቹ የተገደሉ ናቸው። አስፐርገር የናዚ ፓርቲ አባል አልነበረም። ሆኖም በ1941 በሕመም ምክንያት አንጎሏ የተጎዳ፣ ሦስት ዓመት ያልሞላት ልጅ ወደዚያ እንድትላክ ፈረመ። ምክንያቱን ሲጽፍ ለእናቷ የማይቻል ሸክም መሆኗን ጠቀሰ። ልጅቷ ከሁለት ወር በኋላ ሞተች።

እኔን ያስደነገጠኝ ይኼ ነው። የልጁን የመሰላል ቃል በፍቅር የመዘገበውና ሸክም ብሎ የጻፈው እኮ አንድ እስክሪብቶ ነው! ደግሞ መለኪያውም አንድ ይመስለኛል፦ ልጁ ነገ ለኅብረተሰቡ ምን ይጠቅማል? ሒሳብ የሚችለው ተስፋ አለው ተባለ፤ መናገር የማትችለው ግን ተላከች።

ከጦርነቱ በኋላ አስፐርገርን የጠየቀው የለም። በ1962 የቪየና የሕፃናት ክሊኒክ ኃላፊ ሆነ፣ በ1980 ተከብሮ ሞተ። በዓመቱ እንግሊዛዊቷ ሐኪም ሎርና ዊንግ ሁኔታውን በስሙ ጠራችው፤ በ1994 ደግሞ የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች መመሪያ ውስጥ ገባ። ዕድሜያቸውን ሙሉ እንግዳ ፍጡር ሲባሉ ለኖሩ ሰዎች ስሙ እፎይታ ነበር። አስፒ እያሉ አቆላምጠው ራሳቸውን መጥራት ጀመሩ።

መመሪያው በ2013 ስሙን አውጥቶ ሁሉንም ኦቲዝም በሚለው ሥር ጠቀለለው፤ ሐኪሞች አንዱን ከሌላው የሚለዩበት መንገድ ወጥ አልነበረምና። በ2018 ደግሞ የታሪክ ተመራማሪው ሄርቪግ ቼክ የአስፐርገርን የጦርነት ዘመን ሰነዶች ይዞ ወጣ። ከዚያ ወዲህ አንዳንዶች ስሙን ጣሉት። ቀድሞውንም ያልወደዱት ነበሩ፤ መናገር የሚችለውን ኦቲስቲክ ከማይችለው ይለያል ብለው። ሌሎች ግን ራሳቸውን ያወቁበትን ቃል አንጥልም ብለው እስከ ዛሬ አስፒ ነን ይላሉ።