ብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤል፦ ከጭንቀት ወደ ሰላም
ብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤል እ.ኤ.አ. በ1791 በጎጃም፣ በመርጡለ ማርያም አካባቢ ተወለዱ። ከመነኰሱ በኋላ፣ ስለ ክርስቶስ ባሕርይ ሊቃውንቱን የከፋፈለው ክርክር ኅሊናቸውን ያስጨንቀው ነበር። ጭንቀታቸውን ግን በልባቸው አልቀበሩትም፤ እየጸለዩና መጻሕፍትን እየመረመሩ እውነትን ፈለጉ። በ1841 ከቅዱስ ዮስጢኖስ ደ ያዕቆቢስ ጋር እስከ ሮም ተጓዙ፤ በ1844 የካቶሊክን እምነት ተቀበሉ፤ በ1851 ካህን ሆኑ።

በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን እምነታቸውን እንዲክዱ ተገረፉ፤ ሞትም ተፈረደባቸው። ፍርዱ ወደ እስራት ቢለወጥም፣ በሰንሰለት ታስረው ከሠራዊቱ ጋር ሲንከራተቱ በ1855 ዐረፉ። ቀድሞ በጥርጣሬ የታወከው ልባቸው በሰንሰለት አልተናወጠም። በ1926 ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 11ኛ ብፅዕናቸውን አወጁ።

ምእመናን ሆይ፣ እኛም የሚያስጨንቀንን ሐሳብ ሳንሸሽግ በጸሎት ለእግዚአብሔር እናቅርብ።